በስኮርታው ቦታ የነበረው ገመድ

ጌትነት እባላለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ መሪ ይዤ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ የጭነት መኪና፣ ኋላ ደግሞ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ የሚመላለስ ሚኒባስ። የሞተር ሕመም በድምፁ የሚገባኝ፣ እጄን ስንቴም ብታጠብ የናፍታ ሽታ የማይለቀኝ ሰው ነበርኩ። ሚኒባሱ ሲሸጥ ሥራ ፈታሁ። ስድስት ወር ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ከከረምኩ በኋላ፣ በሰው በሰው አዲስ አበባ የሚኖሩ አቶ ሳምሶን የሚባሉ ሰው ለሙከራ ቀጠሩኝ። የሰጡኝ መኪና የኤሌክትሪክ ነበረች።

እውነቱን ልናገር፤ አልወደድኳትም። ትነሳለች፣ ግን መነሳቷን የሚነግርህ ድምፅ የለም። ማርሽ የለም። ስክሪኗ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው። የማነበው የባትሪዋን ፐርሰንት ብቻ ነበር፤ እሱንም ያለ ልክ አነበው ነበር። ዳገት ላይ አየዋለሁ፣ ሰው ሲያዋራኝ አየዋለሁ፣ ቆሜ ምሳ ስበላ በመስኮት አጮልቄ አየዋለሁ። ቁጥሩ አንድ በቀነሰ ቁጥር ከሆዴ የሆነ ነገር የሚቀነስ ይመስለኝ ነበር።

አቶ ሳምሶን ያሠለጠኑኝ ለግማሽ ሰዓት ነው። «ቁልቁለት ስትወርድ እግርህን አንሳ፤ ጎማው ራሱ ባትሪውን ይሞላልሃል» አሉኝ። ይህን ሳላምን ተቀበልኩ። ቀጥለው ጣታቸውን ቀስረው «ከሃያ በታች ግን እንዳታወርዳት። ባትሪዋ ተጎዳ ማለት መኪናዋ ሞተች ማለት ነው» አሉ። ይህኛውን አምኜ ተቀበልኩ።

ነሐሴ ላይ እናታቸውን፣ እማማ አጸደን፣ ወደ ቀየት እንዳደርስ ታዘዝኩ። የእማማ እህት ሙት ዓመት ነበር። እማማ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ መኪና ውስጥ የማይተኙ ሴት ናቸው። መሐል ሜዳ አድረን ባትሪውን ልንሞላ አስበን ነበር፤ ስንደርስ ከተማው መብራት የለውም። ዝናቡ ምሰሶ ጥሏል አሉን። ሲነጋም አልመጣም። ፐርሰንቱ ሠላሳ ስምንት ነበር።

«እማማ፣ መብራቱ እስኪመጣ ብንቆይ» አልኳቸው።

«ሙት ዓመቱ ነገ ነው። እህቴ እስኪሞላልህ አትጠብቅህም» አሉኝ።

ሄድን። ቀየት ስንገባ ሠላሳ አንድ። እዚያም መብራት የለም፣ የስልክ ኔትወርክም የለም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጣራ የሚበሳ በረዶ ወረደ፤ ጎርፉ ከኋላችን የመሐል ሜዳን መንገድ የምታሻግረዋን ትንሽ ድልድይ ይዟት ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ይህን ስሰማ መቀመጥ አቃተኝ። መኪናዋን እዞራታለሁ፣ ገብቼ ቁጥሩን አያለሁ፣ እወጣለሁ። ወደ ኋላ መመለሻ የለ፣ መሙያ የለ፣ ለባለቤቱ መደወያ የለ።

ሦስት ሰዓት ገደማ እማማን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳደርስ በጤና ጣቢያው በር በኩል አለፍን። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ከግቢው ወጥታ መንገዱ መሀል ቆመች። አንድ የገበሬ ጋቢ የለበሰ ሰው ተከትሏታል። ፍሬን ያዝኩ።

«ወንድሜ፣ ሹፌር ነህ አይደል? ጄኔሬተር ታውቃለህ?» አለችኝ።

አዋላጅ ነርስ ነች፤ ሲስተር ብርቱካን። የጋቢው ሰው ተክሌ ይባላል፣ አባትየው ነው። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ወልዳለች። ልጅቷ ታፍና ነው የተወለደችው፤ እስትንፋሷ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጤና ጣቢያው ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን አለው፤ ግን ያለ መብራት ባዶ ሣጥን ነው። ጄኔሬተሩ እምቢ ብሏል። ሲስተር ብርቱካንና አንድ ባልደረባዋ ከወሊዱ ጀምሮ ፊኛ የመሰለውን መተንፈሻ በእጃቸው እየተቀባበሉ ሲጨምቁላት ነው ያረፈዱት።

ጄኔሬተሩ ጋ ሮጥኩ። ይኼ የኔ ዓለም ነው፤ ናፍታ ነው፣ ብረት ነው። ከፈትኩት። የናፍታ ፖምፓው ተበልቷል። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን፣ ማንም ሊጠግነው አይችልም። ሁለት ሦስት ጊዜ ነካካሁት፤ ይህን ያደረግኩት ሊሠራ ይችላል ብዬ ሳይሆን ወደ ሰዎቹ ዞሬ «አይሆንም» ማለት ስላቃተኝ ነው።

ስዞር እማማ አጸደ ከመኪናዋ ወርደው ከኋላዬ ቆመዋል። ወደ ክፍሉ ገብተው ልጅቷን አይተዋት መጥተዋል።

«አልሆነም?»

«አልሆነም እማማ።»

«ከመኪናዋ ብንወስድስ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መብራቱን ነዋ። ባለፈው ለሽርሽር ወጥተን ሳምሶን ከዚችው መኪና ላይ ሻይ አፍልቶ አጠጥቶኛል። የቤቱን ውሃ ማፍያ ሰክቶ። አንድ ወፍራም ገመድ አለው።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ያረጁ ሴትዮ ተምታቶባቸዋል ብዬ ነው። ቀጥሎ ያሰብኩት ግን ያሳፍረኛል። እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ የታየኝ ሕፃኗ አይደለችም። ሠላሳ የሚለው ቁጥር ነው የታየኝ። ከሃያ በታች እንዳታወርዳት የሚለው ጣት ነው። ስድስት ወር ያየሁት ግድግዳ ነው። ተክሌ ከፊቴ ቆሞ አፌን አፌን ያየኛል።

«እማማ፣ መኪናዋ እኮ የሰው ናት» አልኩ።

«የማን ናት?»

«የአቶ ሳምሶን።»

«እሱስ የማነው? የኔ ነው። ክፈት!»

ከፈትኩ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ባዶ አደረግኩት፤ ምንም የለም። እማማ «ከሥር፣ ከሥር» አሉ። ወለሉን አነሣሁት። መለዋወጫው ጎማ፣ ስኮርታው፣ መቀመጥ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በአንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ገመዱ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በአንድ በኩል የመኪናዋ መሙያ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ትልቅ ጭንቅላት፣ በሌላው በኩል እንደ ማንኛውም ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት። ሁለት ወር ሙሉ በላዩ ላይ ዕቃ ስጭንበት ኖሬአለሁ።

መኪናዋን ከክፍሉ መስኮት ሥር አስጠጋሁ። መሙያው ላይ ሰካሁት። ከቢሮ ያመጡትን የመብራት ማከፋፈያ ገመድ በመስኮት አስገብተን ማሽኑን አያያዝን። ምንም። ማሽኑ አልተነቃነቀም። ጭንቅላቱ ላይ አንዲት ቁልፍ አየሁና ተጫንኳት። ስክሪኑ ላይ አንድ የቻይንኛ ጥያቄ ወጣ፣ ከሥሩ ሁለት ሳጥን፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ። ሰማያዊውን ነካሁ። ከመስኮቱ ውስጥ ማሽኑ አንዴ ጮኸና መንዘር ጀመረ።

ሲስተር ብርቱካን «ሠራ! ሠራ!» ብላ ስትጮኽ ተክሌ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቱቦውን ልጅቷ አፍንጫ ላይ አደረጉላት፤ የሕፃናት ማሞቂያውንም ሰኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነርሷ በመስኮት ብቅ ብላ «ከንፈሯ ቀላ» አለችን። ከዚያ ወደ ተክሌ ዞራ «አሁን ሂድ። ወንዙን በእግርህ ተሻገር፣ ሞተር ሳይክል ያገኘህ እንደሆነ ባለቤቱን ለምነው፤ መሐል ሜዳ ደርሰህ አምቡላንስ ከነኦክስጅን ሲሊንደሩ ይዘህ ና። እዚህ ዕድሜ ልኳን ልናቆያት አንችልም» አለችው። ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ በሩጫ ወጣ።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አላውቅም። ሹፌር መሪ ሲይዝ ነው የሚረጋጋው። ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ሃያ ስምንት። ካፊያ ጀመረ። የገመዱን መሰኪያ ውሃ ነክቶት አንድ ነገር ቢፈጠር ብዬ ጃኬቴን ላለብሰው ማውለቅ ጀመርኩ። እማማ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መሰኪያው ላይ ያዙ።

«እማማ፣ እኔ ልያዘው። እርስዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ ሙት ዓመቱ...»

«ጸሎቱን ካህናቱ ያደርሱላታል። ጃንጥላ የሚይዝ ግን እዚህ የለም። አንተ ቁጥርህን ጠብቅ።»

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሆነው። ቁጥሩ ሃያ አምስት ሲደርስ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ፣ መኪናዋ አንዴ ጢጥ አለች፣ ገመዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ከውስጥ የማሽኑ ንዝረት ቀጥ አለ።

«ጌትነት!» ሲስተር ብርቱካን ጮኸች። «ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካሁም!»

«ፊኛውን!» አለች ለባልደረባዋ። እንደገና በእጅ መጨመቅ ጀመሩ። እኔ መኪናዋ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አረንጓዴዋ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ሰማያዊውን ሳጥን ነካሁ፤ ብልጭ፣ ድርግም። ገባኝ፤ ባትሪው አላለቀም፣ መኪናዋ ራሷ ናት «በቃኝ» ያለችው። አንድ ቦታ ላይ፣ በዚያ በማላነበው ጽሑፍ ሥር፣ ሃያ አምስት ላይ አቁሚ የሚል ትእዛዝ አለ።

ስክሪኑን መነካካት ጀመርኩ። አንዱን ስነካ የዝናብ መጥረጊያው ተነሣ። ሌላውን ስነካ ወንበሬ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አንዲት ሴት በቻይንኛ አንድ ነገር ነገረችኝ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከመስኮቱ ውስጥ የእናትየዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ «እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም።

«ማንበቡን ተወው» አሉኝ እማማ በመስኮት አጎንብሰው። ጃንጥላውን አልለቀቁም። «ሥዕሉን እይ። እኔም ስልኬን የምከፍተው በሥዕል ነው።»

እጄን ሰበሰብኩ። አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። የባትሪ ሥዕል ፈለግኩ፤ አገኘሁ፣ ነካሁት። አዲስ ገጽ መጣ። ከሥር የመኪና ሥዕል አለ፣ ከመኪናዋ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀስት ያለበት። እሱን ነካሁት። አንድ ረጅም መስመር ወጣ፤ በላዩ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነጥብ፣ ከነጥቧ አጠገብ ሃያ አምስት የሚል ቁጥር።

ጣቴን ነጥቧ ላይ አድርጌ ወደ ግራ ጎተትኳት። ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ። ሃያ ላይ ጣቴ ቆመ። ውሸት ምን ያደርጋል፤ ቆሟል። ሁለት ወይም ሦስት ትንፋሽ የሚሆን ጊዜ ነው። ከዚያ መጨረሻዋ ድረስ ገፋኋት። አሥራ አምስት ላይ አልንቀሳቀስም አለች። ሰማያዊውን ሳጥን ነካሁ። አረንጓዴዋ በራች፣ ቀጥ ብላም ቀረች። ማሽኑ ነዘረ።

ያለ ማሽኑ የቆየችው ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው ትለኛለች ሲስተር ብርቱካን። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላምናትም።

ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ አሥር ፐርሰንት ቀርቶናል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አትሠራም፣ በዚህ አካሄድ ለሦስት ሰዓት ያህል እንኳ ላትቆይልን ትችላለች። አሰበች። «ብዙውን የሚበላው ማሞቂያው ነው» አለችና ነቀለችው። ሕፃኗን አውጥታ እናቷ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አስተኛቻት፤ በላይዋ ላይ ብርድ ልብስና የእማማን ጋቢ ደረበች። «የእናቷ ገላ ያሞቃታል። መኪናህ ለማሽኑ ብቻ ትሥራ።»

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ሲቀንስ ቀስ አለ። ስድስት ሰዓት። ሰባት ሰዓት፤ ሃያ ሁለት። ተክሌ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ጎርፉ ይዞት ሄዶ ቢሆንስ? አምቡላንሱ ሌላ ወረዳ ሄዶ ቢሆንስ? እየተነሣሁ መንገዱን አያለሁ፤ ጭጋግ ነው፣ የገብስ ማሳ ነው፣ ሰው የለም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሆነ። ከጥቂት በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ። ትኩር ብዬ አየሁት። ከሃያ በታች ወረደች። አንድ ነገር ይፈነዳል ብዬ ስጠብቅ ነበር መሰለኝ። ማሽኑ ይነዝራል፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ እማማ እጃቸውን ይለዋውጣሉ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ታዩኝ። ተክሌ ከፊት ነው፤ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኗል። ከኋላው ሁለት ሰዎች አንድ ሲሊንደር በእንጨት ላይ አንጠልጥለው ተሸክመዋል። አምቡላንሱ ከተቆረጠው ድልድይ ማዶ ቆሟል።

ቱቦውን ከማሽኑ ወደ ሲሊንደሩ ቀየሩት፤ እናትየዋን፣ ልጅቷን፣ ነርሷን መኪናዋ ውስጥ አስገባን። በዐሥራ ስምንት ፐርሰንት ነዳሁ። እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው። እግሬን አንሥቼ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ስትይዝ ተሰማኝ። ታች ስንደርስ ቁጥሩ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጊዜውም አልነበረም። እናትየዋን በቃሬዛ አሻገሯት፤ ሲስተር ብርቱካን ሕፃኗን ደረቷ ላይ ይዛ ጎርፉ ውስጥ በሁለት ሰው ተደግፋ ገባች። አምቡላንሱ ዞሮ ሲሄድ እስኪሰወር አየሁት።

መብራትና ኔትወርክ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ስልኬ እንደበራ አቶ ሳምሶን ደወሉ። እማማ እጃቸውን ዘረጉ። «ስጠኝ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት እለዋለሁ» አሉ።

«አይ እማማ፤ ጣቱ የኔ ነው» ብዬ ራሴ ነገርኳቸው። ዐሥራ ስምንት ድረስ አውርጃታለሁ፣ ሳልጠይቅዎት ነው፣ ገደቡንም የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ።

«ገደቡን እንዴት አገኘኸው?» አሉኝ አቶ ሳምሶን። «እኔ ራሴ የት እንዳለ አላውቅም።»

«በሥዕል።»

ከዚያ ስለ እናታቸው ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ሕፃኗ ነገርኳቸው። አላባረሩኝም። ሦስት ቀን ስልክ አጥተው በመጨነቃቸው ግን ጥሩ አድርገው ተቆጡኝ፤ ተገቢ ነው።

ይህን የማወራችሁ ስለ መኪናዋ ብቻ አይደለም። ስለ መኪናዋም ነው። አንባቢዎቼ፣ መኪና ካላችሁ ወይም እንደኔ የሰው መኪና ከያዛችሁ፣ ዛሬውኑ ወርዳችሁ ወለሉን አንሡት። ያለውን እወቁ። የሚያስተምረው መጽሐፍ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። እኔ አሁን የማገኘውን ሹፌር ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ግማሹ ገመዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ አያውቅም፣ አንዳንዱ ለቦታ ማስፋት ብሎ አውጥቶ ቤት ጥሎታል። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ዕረፍት የነሣኝ ግን ሌላ ነው። «የሰው ናት» ያልኩበት ቅጽበት። ያን ቃል ያን ቀን አልፈጠርኩትም፤ ሃያ ዓመት ስለው ኖሬአለሁ። ዝናብ ውስጥ እጅ ላነሣ ሰው፣ በሽተኛ ተሸክሞ ለቆመ ሰው። ሁልጊዜም እውነት ነበር፤ መኪናው የኔ አልነበረም። እውነት ስለሆነም ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ወንዙ ሲጎድል ተሻግረን፣ በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ወደ ተላከችበት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄድኩ። ተክሌን በር ላይ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ልጅቷ ከኦክስጅን ወጥታለች፤ እየጠባች ነው፤ ሐኪሞቹ ግን ለጥቂት ወራት እየተመላለሰች እንድትታይ አዘዋል፣ ምን እንደሚገኝ ገና አያውቁም። ይህን ሲነግረኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ፤ «እምቢ ልትለን ነበር አይደል?»

«ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣም ይቅርታም አላየሁም፣ የደከመ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ በሩን ገፋ አድርጎ ያዘልኝ።

«ና ግባ» አለኝ። «ነቅታለች፤ እያት።»